የጋሽ ሸምሱ ሁለተኛ ቢላዋ

ጡረታ የወጣሁት በዚህ ክረምት ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ መሥሪያ ቤታችን በስብሰባ አዳራሹ ሽኝት አደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ መስታወት የገባ የምስክር ወረቀት አስጨበጡኝ፣ ዳቦና ለስላሳ ቀረበ። ሠላሳ አራት ዓመት ድንች ላይ አጎንብሼ ከርሜ ቀና ስል ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ አልከፋኝም። የጡረታ አበሌም ቢሆን ለብቻዋ ለምትኖር ሴት አያንስም። የከፋኝ ከጋቢው በኋላ የመጣው ነው።

«ከጓሮ አትክልት ተጠቃሚዎች አንዲት እናት ይናገሩ» ተባለና አስካለ ተነሣች። አስካለ ላፍቶ ውስጥ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፋ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጓሮዋን ይዛ ልጆቿን አሳድጋለች። አፏ አይታሰርም፣ ልቧ ግን ደግ ነው። ማይክሮፎኑን እንደ ዶማ ጨብጣ ቆመች።

«ዓይን የመታውን ጓሮዬን ከሞት ያስነሣችልኝ ወርቄ ናት» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «አምስት ዓመት ሙሉ ሳይታክታት እየመጣች አፈሬን አክማ ይኸው ዘንድሮ ድንች አብቅላልኛለች። የመታኝን ሰው ስም አልጠራም። እዚሁ ተቀምጧል፤ ራሱን ያውቃል።»

የሰፈራችን ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ጥሩወርቅን አየ። ጥሩወርቅ ከአስካለ ጋር በአንድ የቆርቆሮ አጥር የምትዋሰን ጎረቤቷ ናት። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ዳቦዋን ሳትነካ አቀርቅራ ቀረች። ቀሪው ሰው አጨበጨበልኝ።

እኔ ግን የአስካለን ጓሮ ማን እንደመታው አውቅ ነበር። የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በዓይን ሳይሆን በቢላዋ። አምስት ዓመት የሆዴን በሆዴ ይዤ ሁለት ጎረቤታሞች ሲቆራረጡ ዝም ብዬ አይቻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ልናገረው።

ሥራ የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የደጋ ጣቢያ ነው። ለገበሬ የሚከፋፈል የዘር ድንች እናባዛ ነበር። ከግብርና ትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣሁ፣ ደብተሬን ታቅፌ የምዞር፣ ድንችን በሥዕል እንጂ በጭቃ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። የዘር መጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ሳይወጣ የሚያልቅ። የመጀመሪያው ቀን ደብተሬን ቀበል አድርገው መደርደሪያ ላይ አኖሩና «እዚህ ይቆይሽ፣ ይቆሽሻል» አሉኝ። የመለሱልኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ዘሩን ጨለማ ውስጥ አያስቀምጡም ነበር። ብርሃን የሚገባበት፣ ፀሐይ ግን የማይመታው በጭድ የተከደነ ዳስ ነበራቸው። እዚያ በቆጥ ላይ አንድ በአንድ አንጥፈው ያበቅሉታል። ጨለማ ውስጥ የበቀለ ድንች ረጅም ነጭ ቡቃያ ያወጣና ገና ሲነካ ይሰበራል። በብርሃን የበቀለው ግን ቡቃያው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ ጆንያ ውስጥ ተንገላቶም አይጎዳም። ጋሽ ሸምሱ አንዱን አንስተው ቡቃያውን በጣታቸው ጫን ያደርጉና «ይኼ ይችላል» ይላሉ። ሰውንም ሲያመሰግኑ የሚሉት ይህንኑ ነበር። እኔን በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብለውኛል።

የቆመ ድንች አያደንቁም። ማሳው በአበባ ተንቆጥቁጦ ጎብኚ ሁሉ አፉን ሲከፍት እሳቸው ዝም ነው። «ልጄ፣ ድንቹ ያለው ከታች ነው፤ ላዩን አይቶ ማን ይመሰክራል» ይሉኛል። ሲደርስ ግንዱን ያሳጭዱና ሁለት ሳምንት ያቆዩታል። ከዚያ አንዱን አውጥተው ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ያሻሉ። ከተላጠ ይመልሱታል፤ ካልተላጠ ቁፋሮው ይጀመራል።

ከሁሉም በላይ ያሳቀኝ የነበረው ግን የቢላዋቸው ነገር ነው። ትንሽ ትንሹ ድንች እንዳለ ይተከላል። ትልልቁን ግን ዘር ለማብቃት ዓይን ዓይኑን እያዩ ይከፍሉታል። ጋሽ ሸምሱ ይህን የሚሠሩት በሁለት ቢላዋ ነበር። አንዱ ሲቆርጥ ሌላው በረኪና በተበጠበጠበት ጣሳ ውስጥ ይነከራል። አንድ ድንች ይቆርጡና የተቆረጠውን ፊት ጨመቅ አድርገው ያያሉ። ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ካለው ወይም ነጭ ፈሳሽ ካዠ ያቃጥሉታል። ከዚያ ቢላዋውን ይነክሩና ሁለተኛውን ያነሣሉ። ለእያንዳንዷ ድንች! ጠዋት የጀመሩት ጆንያ ለምሳ አይደርስም።

«ጋሼ፣ ንጹሕ መሆኑ እየታየ ምን ያደክምዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሚታየውን ማን ፈራ» አሉኝ። «አጠውልግ የሚባለው በሽታ የያዘው ድንች ደጋ ላይ ሙሽራ መስሎ ይቀመጣል። ሙቀት ሲያገኝ ነው ጉዱ። አንዱን የቆረጠ ቢላዋ መቶውን ይበክላል፤ መቶው መቶ ጓሮ ይገባል፤ የገባበት አፈር ዓመታት ድንች አያበቅልም።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጥፋት ሲሠሩ ጠዋት ሠራተኛው ሥራ ሳይከፋፈል በፊት ቆመው ይናገራሉ። አንድ ጊዜ የሁለት ዝርያ ጆንያዎችን አደባልቀው ኖሯል። ማንም አላወቀባቸውም። ቆሙና «ትናንት ያደባለቅሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሩ» አሉና ተቀመጡ። እኔ አፍሬላቸው አንገቴን ደፋሁ። የሚያሳፍረው ዝም ማለቱ መሆኑን ያወቅሁት በራሴ ሲደርስ ነው።

ከዚያ ስቀየር ከሁለቱ ቢላዋ አንዱን ሰጡኝ፤ እጀታው በቀይ ሽቦ የተጠመጠመውን። «አንድ አለሽ፣ ሁለተኛው ይኼ ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ ደብረ ብርሃን በኩል ስድስት ዓመት ሠራሁ። እዚያ ያለው ኃላፊዬ ረድፉን በገመድ የሚያስለካ፣ ጣት የምታህል ከዛነፈች የሚያስነቅል ሰው ነበር። ውርጭ መጥቶ የተለካውንም ያልተለካውንም እኩል አጨደው። እሱ ግን በነጋታው ገመዱን ይዞ መጣ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሲያዩት ይበሽቃሉ፣ ሲለዩት ግን ይናፍቃሉ።

ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ላፍቶ ገና ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባት ነበረች። ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት በሬ ይታየኝ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሲነሣ በሬው ጠፋ፣ እርሻው ጠፋ፣ የቀረው ጓሮ ነው። ሥራዬም ጓሮ ለጓሮ መዞር ሆነ። እውነት ለመናገር ወደድኩት። ማሳ ላይ የማይታይ ነገር ጓሮ ላይ ይታያል። አንዲት ሴት አራት ረድፍ ድንች ተክላ እያንዳንዱን ግንድ በስም ልትጠራ ምንም አይቀራት።

የክረምት ድንች ለጓሮ እንዲህ ነው፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ይተከላል፤ በረድፍና በረድፍ መካከል ክንድ ተኩል፣ በድንችና በድንች መካከል ስንዝር ተኩል። ሲበቅል ይኮተኮታል፤ ጉልበት ሲደርስ አፈሩ እንደገና እስከ አንገቱ ይታቀፋል። ፀሐይ ያየው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራልና። የቸኮለ የሚበላው ዝርያ አለ፤ እኔ የምመክረው ግን ዘግይቶ ጥቅምት ላይ የሚደርሰውን ነው። ጎተራ ሳይኖርሽ እስከ ገና ይቆይልሻል።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ። የዛሬ አምስት ዓመት ሰኔ ላይ ኃላፊያችን አቶ ግዛቸው ነበር። በዕድሜ ታናሽ ወንድሜ ይሆናል፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ጉዳቱ ቁጥር መውደዱ ነው። ለአርባ ቤት የሚበቃ የዘር ድንች መጣልን።

«ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ስልሳ ቤት እንደምናዳርስ ተናግሬያለሁ» አለኝ። «እርስዎ ያውቁበታል፣ እንደምንም ያብቃቁልኝ።»

«እከፍለዋለሁ፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል።»

«ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚከፋፈለው!»

መጋዘን ገባሁ። በረኪና አላስመጣሁም። ቀዩ ሽቦ ያለበት ቢላዋ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቤቴ ደግሞ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ብሄድ ኖሮ እደርስ ነበር። ድንቹን አገላብጬ አየሁት፤ ቆዳው ያማረ፣ ቡቃያው የጠነከረ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ፣ ዓይኔ አይስተውም አልኩ። በአንድ ቢላዋ፣ ሳልነክር፣ ሳልጨምቅ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቆረጥኩ። እየቆረጥኩም አንጎራጉር ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያን ቀን ማን ባስታወሰኝ።

በነጋታው አስካለ ድርሻዋን በዘንቢል ይዛ እየመረቀችኝ ሄደች። ጥሩወርቅ መጨረሻ ላይ ደረሰች፤ ዘሩ አልቆ ነበር። ተቆጥታ ከጎፋ ጉሊት ትንንሽ ድንች ገዝታ እንዳለ ተከለች።

ሐምሌ ላይ የአስካለ ጓሮ ዓይን የሚስብ ሆነ። በሁለቱ ሴቶች አጥር ላይ ትንሽ የቆርቆሮ በር ነበረች። ጨው ያነሳት፣ ወንፊት የጠፋባት፣ ሆድ የባሳት በዚያች ታልፋለች። አንድ ቀን ጥሩወርቅ በዚያች በር ብቅ አለችና «ውይ አስካለ! ይኼ ምኑ ድንች ነው፣ ጫካ ነው እንጂ!» አለች። «ከዓይን ያውጣው» ማለቱን ረሳችው። በሳምንቱ ከረድፉ አንዱ ግንድ ቅጠሉ ሳይገረጣ በቀን ፀሐይ ጠወለገ። ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ረድፉ ሁሉ። ከአጥሩ ማዶ የጥሩወርቅ ድንች ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አስካለ ስትጠራኝ ሄጄ አንድ ግንድ ቆርጬ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ይህንንም ያስተማሩኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ትሞያለሽ፣ የግንዱን የታች ጫፍ ቆርጠሽ ውሃው ውስጥ ታንጠለጥያለሽ፣ ሳትነኪው ትጠብቂያለሽ። አጠውልግ ከሆነ ከግንዱ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ይወርዳል። ወረደ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ብርጭቆው እስኪደፈርስ አየሁት።

ከስልሳው ቤት ብዙው ጠወለገ። አቶ ግዛቸው በሪፖርቱ «ከዝናብ መብዛት የተነሣ» ብሎ ጻፈ፤ እኔ ፈረምኩበት። ለየቤቱ ዞሬ «የአፈር በሽታ ነው፤ ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ አምስት ዓመት ድንችም ቲማቲምም ቃሪያም እንዳትተክሉ» አልኩ። ከየት እንደመጣ አልተናገርኩም። አስካለ ግን የበሽታውን ነገር በጆሮዋም አላስገባችው።

«የአፈር በሽታ? የጥሩወርቅስ አፈር አይደለም? አጥር ያግደዋል እንዴ በሽታን?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ እኔ ጋ ነበር። አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ያን ዕለት የቆርቆሮዋን በር በምስማር መታቻት። ከዚያ ወዲህ በዕድርም ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ ብስራተ ገብርኤል ሲሳለሙም አንዷ በአንዱ በር ስትገባ ሌላዋ በሌላው ትወጣለች። ጥሩወርቅ ልጇን ስትድር አስካለ አልሄደችም። በሰፈሩም ሴቶች ልጆቻቸውን ከጥሩወርቅ ዓይን መሸፈን ጀመሩ። ይህን ያየሁ ጊዜ ምግብ አልበላልሽ አለኝ። ግን ቀኑ በጨመረ ቁጥር መናገሩ ይከብዳል። ዛሬ ብናገር «ትናንት የት ነበርሽ?» ይሉኛል እያልኩ አንዱን ዓመት በሌላው ላይ ደረብኩ። ጋሽ ሸምሱም ይህን ሳልነግራቸው አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

በቃል ያልቻልኩትን በጉልበቴ ልክፈል አልኩ። ለአስካለ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ቀይ ሥር እያፈራረቅሁ ተከልኩላት። ወፍ ዘራሽ ድንች ብቅ ባለ ቁጥር እነቅላለሁ። ጫማችንን በበር ላይ አስጠርጋለሁ። እሷ ምርቃቷን ታዥጎደጉድልኛለች። በሰው ምርቃት እንደዚያ የተሠቃየ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚህ ክረምት አምስቱ ዓመት ሞላ። ሰኔ ላይ ንጹሕ ዘር፣ እንዳለ፣ ቢላዋ ሳይነካው ተከልን።

እንግዲህ በሽኝቱ ማግስት ጠዋት ነው። ጋቢዬን እንኳ ገና አላጠፍኩም። ስልኬ ጮኸ፤ አስካለ ናት።

«ወርቄ ነይልኝ! አንዷ ጠውልጋለች! ነግሬሽ ነበር፣ ትናንት አዳራሽ ውስጥ ድንቼን ሳነሣ አይታኛለች!»

ብርጭቆ፣ ባለ ቀይ ሽቦውን ቢላዋና አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ይዤ ሮጥኩ። አስካለ ጓሮው መሃል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ አጥሩ እያየች ትጮኻለች። «ሰው ይሰማል! እግዜርም ይሰማል!» ከማዶ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ጥሩወርቅ እዚያው ናት። ግንዱን ቆርጬ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩና ብርጭቆውን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። ክሩ ከወረደ አምስት ዓመት ገደል ገባ። ካልወረደም ጥሩወርቅ ከዓይን ስም አትወጣም፤ አስካለ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ምክንያት አታጣም። ያኔ ገባኝ። ውሃው ምንም ቢል እኔ መናገር አለብኝ፤ ያውም ውሃው ሳይናገር በፊት።

«አስካለ፣ ዝም በይና ስሚኝ» አልኩ። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት አጥሩን እንዲያልፍ ነው። «ያኔ ድንችሽን ያደረቀው ዓይን አይደለም። እኔ ነኝ። የሰጠሁሽን ዘር የታመመ ድንች በቆረጠ ቢላዋ ሳልነክር ቆርጬዋለሁ። መንከር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ቸኩዬ ነው። የጥሩወርቅ የዳነው ከእኔ ዘር ስላልደረሳት ነው። በዚያው ክረምት አውቄያለሁ። ደብቄሻለሁ።»

አስካለ አየችኝ። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት።

«በዚያው ክረምት?»

«በዚያው ክረምት።»

«በሩን በምስማር ስመታ ቆመሽ ታዪኝ ነበር እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«ልጇን ስትድር እቤቴ ተቀምጬ ዘፈኑን እየሰማሁ… ወርቄ! አንቺ ሰው ነሽ?» እንባዋ መጣ። «ድንቹስ ይድረቅ። ሰው አስጠላሽኝ!»

ይቅርታ አልኩ፤ ቃሉ አነሰብኝ። ከአጥሩ ማዶ ኮቴው ቆሟል። ብርጭቆውን ያየሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውሃው እንደቀዳሁት ነው። ክር የለም፣ ጉም የለም፤ በማዶው የአስካለ ቀሚስ አበባ ይታያል። ጎንበስ ብዬ የጠወለገውን ሥር ገለጥኩ፤ ግንዱ ላይ የመኮትኮቻ ጠባሳ አለ። አስካለ ራሷ አፈር ስታስታቅፍ መታዋለች።

«ንጹሕ ነው» አልኩ። እዚያው ረድፍ መሃል ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ምን ያህል ተሸክሜ እንደነበር ያወቅሁት ሲወርድልኝ ነው። ሰው ጆንያ ሲያወርድ ወገቡ ቀና ለማለት የሚቸገረውን ያህል ተቸገርኩ።

አስካለ አላባበለችኝም። ቤት ገብታ መዶሻ ይዛ ወጣች። ለእኔ መስሎኝ ነበር። አልፋኝ ሄዳ የቆርቆሮዋን በር ምስማር አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች፤ ዝጎ ስለነበር አስቸገራት። አራተኛው ላይ ስትደርስ ከማዶ በሩን የሚገፋ እጅ መጣ። በሩ ተከፈተ። አስካለ ዝቅ ብላ የጥሩወርቅን ጉልበት ልትይዝ ስትል ጥሩወርቅ በክንዷ አንሥታ አቀፈቻት። እኔ ብርጭቆዬን ይዤ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

በዕድራችን ቀን ቆሜ ለሁሉም ተናገርኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ ተገቢ ነው። አንዲት ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ለመሥሪያ ቤቱም ጻፍኩ፤ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል አሉኝ። አስካለ ሰባት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ቆጥሬዋለሁ። ግንዱን ብቻዋን አጨደች። ከዚያ ባለፈው እሑድ ደወለች። «ነይ፣ ቆዳው መጠንከሩን አውራ ጣትሽ ይንገረኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ስደርስ ጥሩወርቅ በትንሿ በር ብቅ እያለች ነው። አስካለ የመጀመሪያውን ሥር ገለበጠች። ስምንት ወፍራም ድንች አንድ ላይ ተያይዞ ወጣ። አንዱን አንሥቼ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ቆዳው ንቅንቅ አላለም። ጥሩወርቅ አፏን ልትከፍት አለችና በእጇ ያዘችው።

«ከዓይን ያውጣው፣ ከዓይን ያውጣው» አለች ፊቷን አዙራ።

«ምን ያዞርሻል፣ እዪው እንጂ!» አለች አስካለ። «እንዳሻሽ አድንቂው። የሚያሰጋው የአንቺ ዓይን ሳይሆን የዚች ቢላዋ ነው። ወርቄ፣ ቢላዋ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አልኩ። «ሁለት።»

ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ አጎንብሰን ቁፋሮውን ጀመርን። ወረቀቱ የሚለው ቀን ነሐሴ ውስጥ ነው። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁት ባለፈው እሑድ ነው።